አራት የአሜሪካ የድሮ ቢራዎችና አንድ ሐረር፦ ድሬ ላይ የተደረገ ቅምሻ

ለቸኮለ ሰው ፍርዱን ከላይ ላስቀምጠው። ዩንግሊንግ አንደኛ ነው። ናራጋንሴት ይከተላል። ናሽናል ቦሂሚያን ለድሬ ሙቀት እንጂ ለጨዋታ አይሆንም። ፓብስት ብሉ ሪባን ደግሞ ከቢራው ይልቅ ታሪኩ ሞቅ ያደርጋል። አሜሪካ ዘመድ ካላችሁና "ምን ላምጣ?" ብሎ ከጠየቀ፣ መድኃኒቱና ጫማው ተቆጥሮ ሻንጣው ላይ ቦታ ከተረፈ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በሉት። የቀሩትን እዛው ጠጥቶ ይምጣ።

ነገሩን የቀሰቀሰው የአክስቴ ልጅ ነው። ባልቲሞር ይኖራል። እዛ ያለው ወጣት የአያቱን ቢራ መጠጣት ጀምሯል አለኝ። ፋብሪካው ከተዘጋ ዘመን የሆነው፣ ስሙ ተረስቶ የነበረ ቢራ ድንገት ይነሳና ወጣቱ ይጠጣዋል፣ ምልክቱ ያለበት ቲሸርት ይለብሳል፣ ይባስ ብሎ ክንዱ ላይ ይነቀሰዋል። "እስቲ አምጣውና እንየው" አልኩት። ለበዓል ሲመጣ ጣሳዎቹን አንድ በአንድ በካልሲ ጠቅልሎ አመጣቸው።

ቦታው ከዚራ ያለ ግሮሰሪ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ባለቤቱ የውጭ መጠጥ ይዞ መግባት ይከለክላልና ነገ ሁሉም ሻንጣውን እየጎተተ እንዳይመጣበት። ለእኛ የፈቀደው በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው፦ አንድ ጣሳ በከፈታችሁ ቁጥር አንድ ሐረር ታዛላችሁ። ነጋዴ ነው አቦ! ግን ሳያስበው ፈተናውን አሳመረልን። ከእያንዳንዱ የአሜሪካ ቢራ ጎን ላብ ያጠመቀው የሐረር ጠርሙስ ተቀመጠ ማለት ነው። ማጣፈጫው የባቢሌ ኦቾሎኒ፣ ቆየት ብሎም ጥብስ።

አብረውን አንድ ጋሼ ነበሩ። የባቡር ጡረተኛ ናቸው። ሐረር ቢራ ገበያ ላይ የወጣ ሰሞን የጠጡ ሰው ናቸው። ምላሳቸው አይሳሳትም፣ አፋቸውም አያርፍም። ዳኛው እሳቸው ናቸው ተባለ፣ እሳቸውም አልተግደረደሩም።

(ዓመቶቹን የአሜሪካውን በነሱ አቆጣጠር፣ የኛን በኛ ነው የምጽፈው። እንዳትደባልቁ።)

መጀመሪያ የተከፈተው ናሽናል ቦሂሚያን ነው። ባልቲሞሮች ናቲ ቦ ይሉታል። ጣሳው ላይ ክብ ፊት፣ ጫፉ ወደ ላይ የተጠማዘዘ ትልቅ ሪዝና አንድ ዓይን ብቻ ያለው ሰውዬ አለ። ሚስተር ቦ ይባላል። ጋሼ ጣሳውን አንስተው መጀመሪያ በመነጽራቸው አዩት፣ ከዛ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው እንደገና አዩት።

"የዚህን ሰውዬ ዓይን ማነው ያጠፋው?"

የአክስቴ ልጅ መልስ የለውም። የድሮው ፋብሪካ ሕንጻ አናት ላይ የዚሁ ሰውዬ ፊት በትልቅ መብራት ተሠርቶ እንደተሰቀለና ማታ ማታ ለከተማው ሰው እንደሚጠቅስ ነገራቸው። ጋሼ ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። "አንድ ዓይን ያለው ሰው ምኑን ጠቀሰ፣ ጨፈነ እንጂ!"

ናቲ ቦ ባልቲሞር ላይ መጠመቅ የጀመረው በ1885 ነው። አንድ ዘመን የፋብሪካው ባለቤት የነበሩት ጄሮልድ ሆፍበርገር የከተማዋ የቤዝቦል ቡድን የኦሪዮልስም ባለቤት ነበሩ። የምትጠጣውም የምትጮህለትም ከአንድ ቤት ማለት ነው። ይሄ ለኛ ሰው አዲስ አይሆንበትም። ሐረር ቢራ የሚባል ክለብ ፕሪሚየር ሊግ ውስጥ ሲጫወት አይተናል፤ የድሬ ልጅ ሆኖ በሐረር ቢራ ተሸንፎ ማታ ሐረር ቢራ የጠጣም አይጠፋም። ወደ ናቲ ቦ ስንመለስ፣ ጠመቃው ከባልቲሞር ከወጣ ቆይቷል። ስሙ ዛሬ የፓብስት ኩባንያ ንብረት ነው። ቢራው ሌላ ግዛት ተጠምቆ በመኪና ይገባል። ሆኖም የሚጠጣው በብዛት እዛው ባልቲሞርና አካባቢዋ ነው። በ2011 በድራፍት ተመልሶ ሲመጣ ከተማው እንደ ትልቅ ዜና ነው የተቀበለው።

ጣዕሙስ? ቀጭን ነው። ቀለሙ የገብስ ገለባ ይመስላል፣ አረፋው ብርጭቆ ውስጥ ብዙ አይቆይም፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ የበቆሎ ጣፋጭነት አለው። ምሬት የሚባል ነገር ፈልጌ አጣሁ። በሞቃት ቀን ለጥም ግን ጥሩ ነው፤ ሳታስበው ያልቃል። ጋሼ ሁለቴ ተጎንጭተው "ይሄ ከጭነት ማራገፍ በኋላ የሚጠጣ ነው፣ ቁጭ ብለው ለሚያወሩበት አይደለም" አሉና ወደ ሐረራቸው ዞሩ። ልክ ናቸው። የባልቲሞር ወደብ ሠራተኛም ይሄንኑ ቢላቸው አይገርመኝም።

እዚህ ላይ እነዚህ ቢራዎች መጀመሪያውኑ እንዴት እንደጠፉ ማወቅ ያስፈልጋል። አለበለዚያ "ተመለሰ" የሚለው ወሬ ስሜት አይሰጥም።

አሜሪካ ከ1920 እስከ 1933 መጠጥ በሕግ ከልክላ ነበር። ክልከላው ሲነሳ በመቶ የሚቆጠሩ ፋብሪካዎች በየከተማው እንደገና መጥመቅ ጀመሩ። በዛን ጊዜ ብዙው ሰው የሚጠጣው ከተማው ውስጥ፣ ከራቀም አጎራባች ከተማ የተጠመቀውን ነው። ቢራ ከባድ ነው፣ ሙቀት ያበላሸዋል፣ ሩቅ መላክ ያከስራል። ከዛ ሰፊው አውራ ጎዳና ተሠራ። ማቀዝቀዣ ያለው መኪና መጣ። ቴሌቪዥን መጣ። መላ አገሩን በአንድ ምሽት በቴሌቪዥን ማናገር የሚችሉት ትልልቆቹ ብቻ ነበሩ፣ እነሱ ማስታወቂያውን እያበዙ ዋጋ ሲሰብሩ የየከተማው ጠማቂ ወይ ተሸጠ ወይ ተዘጋ፣ የገዛውም ስሙን ይዞ ፋብሪካውን ዘጋ። በ1970ዎቹ መጨረሻ በዛ ሁሉ አገር የቀረው የቢራ ፋብሪካ መቶ አይሞላም ነበር። ዛሬ ከ9,000 በላይ ነው፣ አብዛኞቹ ትንንሽ ናቸው። ሰው የሰፈሩን ቢራ ሲፈልግ ጎን ለጎን የድሮዎቹም ስም አብሮ ተቆፍሮ ወጣ።

በራሱ እጅ የሞተም አለ። ሽሊትዝ የሚባለውን የሚልዋኪ ከተማ ቢራ የአክስቴ ልጅ አላመጣልንም፣ ግን ታሪኩን ሳልነግራችሁ አላልፍም። "ሚልዋኪን ዝነኛ ያደረጋት ቢራ" ነበር መፈክሩ። ጉራ አይደለም፣ አንድ ዘመን ከአሜሪካ ጠማቂዎች ሁሉ ቀዳሚው እሱ ነበር። በ1970ዎቹ ወጪ ለመቀነስ ብለው ከብቅሉ ቀንሰው የበቆሎ ሽሮፕ ጨመሩበት፣ የሚፈላበትንም ጊዜ አሳጠሩት። ጠጪው ወዲያው አላወቀም። ጥቂት በጥቂት እየቀያየሩ ስለሆነ ምላሱ አብሮ ለመደ። በ1976 ግን ቢራው እንዳይደፈርስ ተብሎ የተጨመረ ነገር ውስጡ ካለው ከሌላው ጋር አልተስማማምና ጠርሙሱ ውስጥ ብጥስጣሽ ነገር ሲንሳፈፍ ታየ። ወደ 10 ሚሊዮን ጠርሙስና ጣሳ ከገበያ ተሰበሰበ። በ1981 የሚልዋኪው ፋብሪካ ተዘጋ። በ1982 ስትሮህ የሚባል የዲትሮይት ጠማቂ ገዛው። በ1999 ስትሮህ ራሱ ወደቀና ስሙ ፓብስት እጅ ገባ።

ዋናው ጨዋታ ከዚህ በኋላ ነው። በ2008 ፓብስት የሽሊትዝን የ1960ዎቹን ጣዕም መልሼ አመጣለሁ ብሎ ሲነሳ የድሮው ቀመር እጁ ላይ የለም። የድሮዎቹን ጠማቂዎች እየፈለገ፣ ምን ያህል ምን ትጨምሩ ነበር እያለ እየጠየቀ ነው መልሶ የሠራው። የጠላዋን ልክ ወረቀት ላይ የጻፈች እናት የት አለች? እነሱም ያው ናቸው።

ፓብስት ብሉ ሪባን ሁለተኛ ተከፈተ። ከ1844 ጀምሮ የነበረ የሚልዋኪ ቤት ነው። ስሙ ላይ ያለው ሰማያዊ ሪባን ዝም ብሎ ሥዕል አይደለም፤ አንድ ዘመን የጠርሙሱን አንገት በእውነተኛ የሐር ሪባን ያስሩት ነበር። የሚልዋኪው ፋብሪካ በ1996 ተዘጋ፣ ሽያጩም ወርዶ ወርዶ ሰው "አለቀለት" አለው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ግን ኦሪገን ውስጥ ፖርትላንድ የምትባል ከተማ ያሉ ወጣቶች አነሱት። ለምን? ርካሽ ነው፣ ቴሌቪዥን ላይ አይጮህም፣ አባታቸው ከሚጠጣው የተለየ ነው። ኩባንያውም ብልጥ ነው፣ ሲወደድ አይቶ ማስታወቂያ አላበዛም፣ ዝም አለ። ዝም ብሎ ሸጠ። ያው ስም በ2010 ቻይና ሄዶ በእንጨት በርሜል የቆየ ልዩ ቢራ ላይ ተለጥፎ አንዱ ጠርሙስ በ44 ዶላር ተሸጧል። አሜሪካ ውስጥ ኪሱ የሳሳ ተማሪ የሚጠጣው ቢራ ቤጂንግ ላይ የሀብታም ግብዣ ሆነ። ይሄን ስሰማ የሳቅኩትን ያህል ቢራው ላይ አልተደሰትኩም።

ቢራውማ ደህና ነው። ከናቲ ቦ ትንሽ ወፈር ይላል፣ በጣም ከቀዘቀዘ ይሄዳል። ቅዝቃዜው ሲለቀው ግን የሚያወራህ ነገር የለውም፣ ድሬ ላይ ደግሞ ቅዝቃዜ ቶሎ ነው የሚለቀው። ፓብስት ለረጅም ዓመታት የራሱ ትልቅ ፋብሪካ ሳይኖረው በሌሎች ፋብሪካ እያስጠመቀ፣ የሞቱ ቢራዎችን ስም እየሰበሰበ የኖረ ኩባንያ ነው። ሽሊትዝ፣ ስትሮህ፣ ናቲ ቦ፣ የሲያትሉ ሬኒየር፣ የቴክሳሱ ሎን ስታር፣ ሁሉም እሱ ጋ ናቸው። የአንዳንዱን ነፍስ ለመመለስ የሞከረበት ጊዜም አለ፤ ስትሮህን በ2016 ዲትሮይት ላይ አስጠምቆታል። እኔ እነዚህን ቢራዎች የምመዝንበት ልክ እዚህ ነው የሚገኘው። ቢራው ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ወይም የድሮው እጅ የነካው ቀመር ሲመለስ፣ ለዛ ገንዘቤን እከፍላለሁ። የጣሳው ሥዕል ብቻ ከተመለሰ ግን ቲሸርቱን ገዝቼ ቢራውን ብተወው ይሻለኛል።

አንድ ነገር በቅንፍ። ትዝታ ለሁሉም እኩል አይጣፍጥም። ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ከ1907 ጀምሮ ዲክሲ የሚባል ቢራ ነበር። በ2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ፋብሪካውን አጥለቀለቀው። ከዓመታት በኋላ ቶምና ጌይል ቤንሰን የሚባሉ ባልና ሚስት ገዝተው እንደገና አስነሱት። ነገር ግን ዲክሲ የሚለው ስም ለጥቁሩ ሕዝብ የባርነቱን ዘመን ደቡብ የሚያስታውስ ነው። በ2020 ስሙ እንደሚለወጥ ተነገረ፣ ፎቦርግ ተባለ። ቢራውን መልሰው ስሙን የተዉ እነሱ ናቸው። የተናደደም ነበር፣ የተደሰተም። እኔ በበኩሌ ጥሩ አደረጉ ባይ ነኝ።

አሁን ወደሚጠጡት።

ናራጋንሴት የሮድ አይላንድ ነው፣ አሜሪካ ውስጥ ትንሿ ግዛት። ክራንስተን በምትባል ከተማ ውስጥ በ1890 ተመሠረተ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ኒው ኢንግላንድ የሚባለው የሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ትልቁ ቢራ ነበር። ሬድዮ ላይ የቤዝቦል ጨዋታ ሲተላለፍ "ጤና ይስጥልኝ ጎረቤቴ፣ አንድ ጋንሴት ያዝ" እያለ ነበር የሚያስተዋውቀው፣ እስከ ዛሬም ጣሳው ላይ ሰላምታዋ አለች። በ1965 ፎልስታፍ የሚባል የሴንት ሉዊስ ኩባንያ ገዛው። በ1981 የክራንስተኑ ፋብሪካ ተዘጋ፣ ኋላ ሕንጻውም ፈረሰ። ስሙ ቀረ፣ ሌላ ቦታ ርካሽ ሆኖ እየተጠመቀ።

በ2005 ማርክ ሄለንድረንግ የሚባል የሮድ አይላንድ ሰው ከአገሩ ባለሀብቶች ጋር ሆኖ ስሙን ገዛ። መጀመሪያ ያደረገው የድሮውን ጠማቂ ቢል አንደርሰንን ማማከር ነው። ማስታወቂያ ሠሪ አልፈለገም፣ ጠማቂውን ፈለገ። ብዙው ቢራ የሚጠመቀው ኒው ዮርክ ግዛት ሮቸስተር ላይ፣ ጄኔሲ በሚባል ሌላ ጥንታዊ ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ ግን በ2021 ፕሮቪደንስ ላይ የራሱን ፋብሪካ ከፍቶ ወደ ሮድ አይላንድ ተመልሷል። በልኬ ከለካሁት ያልፋል።

ጣሳው ረጅሙ ዓይነት ነው፣ ለሁለት ሰው ይበቃል። ሲቀዳ አረፋው ነጭና ድፍን ነው፣ ብርጭቆው ላይ ቀለበት ይተዋል። የገብስ ሽታ አለው፣ መጨረሻው ላይ ምላስ ስር የምትቀር ትንሽ ምሬት አለችው፣ ከጥብስ ጋር ተጣጣመ። ቃሪያ ከነከሱ በኋላ አንድ ጉንጭ መሞከር ነው። ጋሼ ምንም ሳይሉ ብርጭቆውን ለሁለተኛ ጊዜ ዘረጉ። የአክስቴ ልጅ ተጠቀሰበት፣ ሊቀዳላቸው ተነሳ።

ዩንግሊንግ መጨረሻ የተከፈተው ሆን ተብሎ ነው፣ እሱ ሞቶ የተነሳ ሳይሆን ያልሞተ ነውና። ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ፖትስቪል በምትባል የድንጋይ ከሰል ከተማ በ1829 ተቋቋመ። በአሜሪካ እስካሁን ካሉት ጠማቂዎች ሁሉ አንጋፋው ነው፣ እስከ ዛሬም በዚያው ቤተሰብ እጅ ነው። አሁን ስድስተኛው ትውልድ፣ የባለቤቱ ሴቶች ልጆች ገብተውበታል።

"ቢራ ሲከለከል ታዲያ እንዴት ኖሩ?" አሉ ጋሼ።

አይስክሬም ሸጠው! ቢራ ሲከለከል ቤተሰቡ የአይስክሬም ፋብሪካ ከፈተ፣ ጎን ለጎን አልኮሉ እዚህ ግባ የማይባል ቢራ እየጠመቀ 13 ዓመቱን ገፋው። ጋሼ ይሄን ሲሰሙ በጣም ሳቁ። ከዛ ሳቃቸውን ገታ አድርገው "ሶፊም እኮ እንደዛ ነው" አሉ። እውነታቸውን ነው። ጀጎል ግንብ ውስጥ 82 መስጊድ ያለባት ከተማ ላይ የቢራ ፋብሪካ ስትተክል የማይጠጣውንም ጎረቤት ማሰብ አለብህ። ሐረር ሶፊ አልኮል የሌለው የብቅል መጠጥ ነው፣ ድሬ ላይ በየቤቱ ለእንግዳ ሲቀርብ ያደግንበት።

የዩንግሊንግ ላገር (በቅዝቃዜ ቀስ ብሎ የሚፈላው የቢራ ዓይነት) ቀለሙ ወደ ቀይ ሻይ ያደላል። ዛሬ የሚታወቅበትን ይሄን ዓይነቱን ያወጣው በ1987 ነው፣ የድሮ ጣዕም ይዞ። ያን ጊዜ ሁሉም ቢራውን እያቀጠነ ነበር፣ እሱ ግን ቀለም ያለው ቢራ ይዞ መጣ። ፊላደልፊያ አካባቢ ገብተህ "ላገር" ካልክ ሌላ ሳይጠየቅ እሱ ነው የሚመጣልህ። ብቅሉ ትንሽ የተቆላ ነው፣ የዳቦ ቅርፊት የሚመስል ጣዕም አለው። የሚገርመው ሲሞቅም አይከፋም። ብርጭቆዬን ትቼ ስልክ አናግሬ ስመለስ ለብ ብሎ ጠበቀኝ፣ እንዲያውም ጣዕሙ ወጣ። ድሬ ላይ ለሚጠጣ ቢራ ከዚህ የበለጠ ፈተና የለም። አንደኛ ያልኩት ለዚህ ነው።

ጎን የተቀመጠው ሐረርስ?

ሐረር ቢራ የተወለደው በደርግ ዘመን፣ በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው። ከቅዱስ ጊዮርጊስ አንጻር ልጅ ነው፣ ጊዮርጊስ የ1915 ነው። ጋሼ የመጀመሪያውን ሰሞን ያስታውሳሉ። መኪናው የደንገጎን ጠመዝማዛ ወርዶ ድሬ ሲገባ ሳጥኑ እየተንቀጫቀጨ ከሩቅ ይሰማ ነበር ይላሉ። "የኛው ነው" ብሎ የሚጠጣው ሰው ብዙ ነበር፣ ጣዕሙን ሳይሆን አገሩን ነበር የሚጠጣው። በ2003 መንግሥት ፋብሪካውን ከበደሌ ጋር ለሄኒከን ሸጠው፣ ሁለቱ አንድ ላይ 163 ሚሊዮን ዶላር። የሆላንድ ባለቤት አለው ማለት ነው። ግን እስካሁን የሚጠመቀው ሐረር ላይ ነው። ናቲ ቦ ያጣው፣ ናራጋንሴት አርባ ዓመት ፈልጎ ያገኘው ይሄንን ነው። እኛ እጃችን ላይ ስላለ አናየውም።

ውሃውንም አትርሱ። ዋሽንግተን ግዛት ኦሊምፒያ የሚባል ቢራ ነበር፣ መፈክሩ "ውሃው ነው" ይል ነበር፣ ከጉድጓዱ በሚወጣው ውሃ ነበር የሚኮራው። ፋብሪካው በ2003 ተዘጋና ቢራው ካሊፎርኒያ ሄዶ መጠመቅ ጀመረ። ውሃው እዛው ቀረ፣ መፈክሩ ግን አብሮ ተሳፈረ! ሐረማያ ሐይቅ ሲደርቅ ያየ የሐረርና የድሬ ሰው በውሃ ቀልድ አያውቅም፤ ጋሼ ይሄንን ሲሰሙ ጭንቅላታቸውን ብቻ ነቀነቁ።

ፊት ለፊት ሲጠጣ ሐረር ከናቲ ቦና ከፓብስት ይበልጣል። ብቅሉ ይሰማል፣ ትንሽ ይጣፍጣል፣ አረፋው ይቆያል። ከናራጋንሴት ጋር ተያያዙ፤ ምሬት የሚወድ ናራጋንሴትን፣ ለስለስ ያለ የሚወድ ሐረርን ይመርጣል። ዩንግሊንግ ግን በለጠው። ጋሼ በዚህ አልተስማሙም። "እኔ ከአገሬ ልጅ ላይ ነጥብ አልቀንስም" አሉ፣ ዳኝነታቸውም እዚህ ላይ ተጠናቀቀ። ደንበኛ ዳኛ!

እንዲያውም የጋሼ ናፍቆት ሌላ ነው። ሐኪም ስታውት ይላሉ። የሐኪም ጋራን ስም የያዘው የሐረር ፋብሪካ ጥቁር ቢራ። እዛ ግሮሰሪ ጠየቅን፣ የለም። ባለቤቱ "ማን ይጠይቃል ብለህ ነው?" አለ። እኔ እጠይቃለሁ! ከጥቁር ቢራ ጋር ጥብስ በልቶ የሚያውቅ ሰው ይጠይቃል። አሜሪካኖቹ የአያታቸውን ቢራ ሲያስነሱ ካየሁት ውስጥ ለኛ የሚሆነው ይሄ ነው፦ ገበያውን ያስነሳው ባለ ፋብሪካው ሳይሆን እየደጋገመ "አለ?" ያለው ጠጪ ነው። ፖርትላንድ ያሉት ልጆችም ያደረጉት ይሄንኑ ነው። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬድዮ፣ ከቴሌቪዥንና ከመንገድ ዳር ሰሌዳ ስላነሳ ቢራ ራሱን የሚያስታውሰን በጠርሙሱ ብቻ ሆኗል። እንግዲያውስ ሐረሮች ለአንድ ክረምት የድሮውን ጽሑፍና የድሮውን የበር ሥዕል ጠርሙሱ ላይ ቢለጥፉ ምን ይጎዳቸዋል? ብዙ ወጪ የለውም። ጣዕሙን እንዳይነኩት ብቻ፤ የሽሊትዝን ያየ ሰው ነው የሚለምነው።

ስለ ቤቱም ሁለት ቃል፣ ግምገማ ነው ካልኩ። ጥላው ጥሩ ነው፣ ብርጭቆው ንጹሕ ነው፣ ጥብሱ ዘገየ ግን ሲመጣ ትኩስ ነው። ሙዚቃው ይጮኻል። ከሰዓት በፊት ሂዱ፣ ማታ ወንበር አይገኝም።

ለምታስመጡ ሰዎች፦ ጣሳ በእጅ ሻንጣ አይሄድም፣ የሚጫነው ውስጥ በልብስ ተጠቅልሎ መሐል ላይ ይቀመጥ። ጉምሩክ ላይ የተፈቀደው መጠን ትንሽ ስለሆነ ካርቶን ሙሉ እንዳታዙ። የጣሳውን ቂጥ ገልብጣችሁ ቀኑን እዩ፣ የቆየ ላገር የረጠበ ካርቶን ነው የሚሸተው። ድሬ እንደደረሰም ቤት ውስጥ አታስቀምጡት፣ በቀጥታ ፍሪጅ። ረጅሙን የናራጋንሴት ጣሳ ደግሞ ፍሪዘር ውስጥ ረስታችሁት እንዳትተኙ፣ ይፈነዳል።